ሃቺኮና ቤተሰቡ፤ ከሺቡያ ጣቢያ እስከ አኦያማ መቃብር

ቶኪዮን ለመጐብኘት የሄደ መንገደኛ ሳያያት የማይመለስ አንዲት ትንሽ አደባባይ አለች። የምትገኘው ከከተማው ምዕራብ በኩል፣ በሺቡያ የባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው። ከፊት ለፊቷ ያለው የመንገድ መገናኛ በዓለም ላይ ሕዝብ እጅግ ከሚበዛባቸው ማቋረጫዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ መኪናዎቹን የሚያቆመው ቀይ መብራት በበራ ቍጥር ሰው ከየማዕዘኑ እንደ ጎርፍ ይለቀቃል፤ መካከል ላይ ይደባለቃል፤ እርስ በርሱም ሳይጋጭ ተላልፎ ያልፋል። ተማሪው ቦርሳውን አዝሎ፣ ጸሓፊው ጃንጥላውን ይዞ፣ እናቲቱ ሕፃኗን አቅፋ፣ ሁሉም ይጣደፋል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከድንጋይ መቆሚያ ላይ የተቀመጠ፣ ግራ ጆሮው ወደ ታች የተጠመዘዘ የነሐስ ውሻ ነው።

የከተማው ሰው ከወዳጁ ጋር ሲቀጣጠር «ሃቺኮ ዘንድ እንገናኝ» ይላል። ከጣቢያው በሮች አንዱም «የሃቺኮ መውጫ» ይባላል። ፍቅረኛውን የሚጠብቅ ወጣት፣ ከገጠር የምትመጣውን እናቱን የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ ጓደኞቿ የዘገዩባት ተማሪ፣ ሁሉም በዚህ ውሻ እግር ሥር ቆመው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። የመጠባበቂያ ቦታ እንዲሆን ከዚህ የበለጠ የተገባ ስፍራ ሊገኝ አይችልም፤ ውሻው ራሱ ታላቅ ስም ያተረፈው በመጠበቅ ነውና።

በእኛ አገር ውሻ የደጅ ዘበኛ ነው። በገጠር ጅብን ከበረት ያርቃል፣ በከተማ ሌባን ከአጥር ያባርራል፤ የሚያድረው ከውጭ፣ የሚበላው ከማዕድ የተረፈውን ነው። ሰው ሰውን ሲሰድብም ስሙን ይጠራል። ስለዚህ ለውሻ የነሐስ ሐውልት ማቆም ለአንዳንድ አንባቢ ሀብት የተረፈው ሕዝብ ቅንጦት መስሎ ይታየው ይሆናል። ታሪኩን ከሥሩ የተከታተለ ሰው ግን ሐውልቱ የአንድ ውሻ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ይህ ሞት በአንድ ቀን የበተነው፣ ሕግም እንዳይሰበሰብ የከለከለው የአንድ ትንሽ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ በተፈጸመባቸው ስፍራዎች ሁሉ አብረን እንዙር። የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮፌሰሩና ቡችላው

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሺቡያ ዛሬ እንደምትታየው በመስታወት ፎቆች የተከበበች አልነበረችም። ከታላቁ ከተማ ዳር ያለች፣ የእንጨት ቤቶችና የአትክልት ስፍራዎች የነበሩባት ጸጥተኛ ሰፈር ነበረች። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ፕሮፌሰር ሂዴሳቡሮ ኡዬኖ የተባሉ የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ መምህር ይኖሩ ነበር። ትምህርታቸው የእርሻ ምሕንድስና ነው፤ ይኸውም የተበጣጠሰውን የገበሬ ማሳ አሰባስቦ ማስተካከል፣ ውሃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦይ ማበጀት ነው። ጃፓን ሩዝ አብቃይ አገር በመሆኗ ይህ ሙያ የሕዝቡ እንጀራ መሠረት ነበር፤ ፕሮፌሰሩም በአገራቸው የዚህ ትምህርት አባት ተብለው ይጠራሉ።

ፕሮፌሰር ኡዬኖ ውሻ ወዳድ ሰው ነበሩ። በቤታቸው ሌሎች ውሾች ነበሯቸው፤ ነገር ግን ከአገሩ ነባር ዘር የአኪታ ውሻ ለማግኘት ይመኙ ነበር። ምኞታቸው የተፈጸመው በቀድሞ ተማሪያቸው ርዳታ ነው። በኅዳር 1923 በሰሜን ጃፓን በኦዳቴ ከተማ አጠገብ ከአንድ ገበሬ ቤት የተወለደ ቡችላ ተገኘላቸው፤ በጥር 1924 በሩዝ ጭድ ተጠቅልሎ በባቡር ተጫነና፣ አንድ ቀን ያህል በበረዶ ውስጥ ተጕዞ ቶኪዮ ደረሰ። ያን ጊዜ ገና ሁለት ወር የሞላው ጥጃ መሳይ ግልገል ነበር፤ መንገዱም ስለ ጐዳው ደክሞ ነበር። ፕሮፌሰሩና የቤታቸው እመቤት ወይዘሮ ያኤ ሳካኖ እንደ ሕፃን አስታመው አዳኑት። ስሙንም «ሃቺ» አሉት፤ በጃፓንኛ «ስምንት» ማለት ነው፤ ስምንት ደግሞ በዚያ አገር የመልካም ዕድል ቍጥር ነው። «ኮ» የሚለው ቅጥያ ኋላ ሕዝቡ በአክብሮትና በፍቅር የጨመረለት ነው።

ሃቺ ባደገ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጌታውን መሸኘት፣ ማታ ማታ መቀበል ልማዱ ሆነ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሺቡያ ጣቢያ መሸኘቱን ብቻ ነው። ነገሩ ግን ጥቂት ሰፋ ያለ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ክፍል በዚያ ዘመን የነበረው በኮማባ፣ ማለት ከፕሮፌሰሩ ቤት በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ውሻው እስከ በሩ ድረስ ይከተላቸዋል። ራቅ ወዳለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ወይም ወደ ሌላ ክፍለ አገር ሲሄዱ ደግሞ ከሺቡያ ባቡር ይሳፈራሉ፤ በነዚያ ቀኖች ውሻው ከጣቢያው ይሸኛቸዋል፤ ከጣቢያውም ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በሃቺ ልብ ውስጥ ጣቢያው የሩቅ መንገድ በር ነበረ። ጌታው ቶሎ ሳይመለስ ቢቀር፣ የሚመለሰው በዚያ በኩል እንደ ሆነ ተምሯል።

ግንቦት 21 ቀን 1925 ፕሮፌሰር ኡዬኖ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንደ ሄዱ በዚያው ሳሉ ደም በአንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ በድንገት ሞቱ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበር። በዚያች ማታ ውሻው እንደ ልማዱ ወጥቶ ጠበቀ፤ ሰው ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ምግብ እንዳልቀመሰና የጌታው ልብስ በተቀመጠበት ጓዳ ገብቶ እንደ ተኛ ይተረካል። ሃቺና ፕሮፌሰሩ አብረው የኖሩት 16 ወር ብቻ ነው። ጥበቃው ግን ወደ 10 ዓመት ሊደርስ ጥቂት ወር ብቻ ቀረው።

የፈረሰ ቤት

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች ከዚህ ላይ ወደ ጣቢያው ይዘላሉ። ነገር ግን በመካከል የቀረች አንዲት ሴት አለች፤ ያለ እርሷ ነገሩ ሙሉ አይሆንም።

ወይዘሮ ያኤ ከፕሮፌሰሩ ጋር ለብዙ ዓመት እንደ ሚስት ኖረዋል፤ ቤቱን አስተዳድረዋል፤ እንግዳውን ተቀብለዋል፤ የታመመውን ቡችላ አስታመዋል። የፕሮፌሰሩ ተማሪዎችም እንደ መምህራቸው ባለቤት ያከብሯቸው ነበር። ሆኖም ጋብቻው በመንግሥት መዝገብ አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ሰውዬው በሞቱ ጊዜ፣ በዘመኑ ሕግ ዓይን ወይዘሮ ያኤ ባዕድ ነበሩ። ቤቱ የርሳቸው አልሆነም፤ ርስትም አልደረሳቸውም። ቤቱ ተለቀቀ፤ ዕቃው ተነሣ፤ ውሾቹም ተበተኑ። የሟቹ ተማሪዎች ግን አልተዋቸውም፤ ገንዘብ አዋጥተው በሴታጋያ ማረፊያ ቤት አዘጋጁላቸው። እርሳቸውም ኋላ የሻይ ሥነ ሥርዓትንና የአበባ አደራደርን በማስተማር ኖሩ።

ሃቺ በበኩሉ ከዘመድ ወደ ዘመድ ተላለፈ። በከተማው ምሥራቅ ከሚገኙ የዘመድ ቤቶች ተሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ትልቅና ኀይለኛ ውሻ ስለ ነበረ በገበያ ሰፈር ሊስማማ አልቻለም። ወደ ወይዘሮ ያኤ ቢመለስም በሴታጋያ የገበሬውን አትክልት እየረገጠ አስቸገረ፤ ከዚያም በላይ ወደ ሺቡያ እየጠፋ መሄዱን አልተወም። ወይዘሮዋ ውሻው ልቡ ያለበትን አዩ። ስለዚህ በ1927 ከሺቡያ ብዙም በማይርቀው በቶሚጋያ ለሚኖሩት፣ ቀድሞ በፕሮፌሰሩ ቤት አትክልተኛ ለነበሩት ለኪኩሳቡሮ ኮባያሺ ሰጡት። የሚወዱትን ውሻ አሳልፎ መስጠት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ውሻው የሚፈልገውን እንጂ ራሳቸው የሚፈልጉትን አላደረጉም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐውልት ያልቆመለት መልካም ሥራ ቢኖር ይህ ነው።

አትክልተኛውም አደራቸውን ጠበቁ። ሃቺን አበሉት፣ አሳደሩት፣ ሲታመም አስታመሙት። እሱ ግን ጠዋት ከቤት ይወጣና በቀድሞው የጌታው ቤት በኩል አልፎ ወደ ጣቢያው ይወርዳል፤ ማታም ባቡር በሚገባበት ሰዓት ተመልሶ ይሄዳል። ከበሩ ፊት ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ይመለከታል።

ከበትር ወደ ክብር

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣቢያው ዙሪያ ማንም ታሪኩን አላወቀም ነበር። ባለቤት የሌለው የመሰለ ትልቅ ውሻ ከሰው መተላለፊያ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚደርስበት ማንም ያውቃል። አንዳንድ ሠራተኛ መታው፤ ባለሱቆች ውሃ ደፉበት፤ ልጆችም በፊቱ ላይ በቀለም ጢም ሣሉበት። እሱ ይህን ሁሉ ችሎ በማግስቱ ይመጣ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሂሮኪቺ ሳይቶ የተባለ የጃፓን ነባር ውሾች ዘር እንዳይጠፋ የሚደክም ሰው ነው። ሳይቶ የውሻውን ማንነት አጣርቶ ስለ ነበረ በጥቅምት 1932 ታሪኩ በታላቁ ጋዜጣ በአሳሂ ታትሞ ወጣ። ያን ዕለት አገሩ ሁሉ አነበበው። ትናንት ውሻውን በበትር ያባረረው ሰፈር ዛሬ ምግብ ይዞ መጣ። የጣቢያው ሹም ማረፊያ ሰጠው። ከሩቅ ክፍለ አገር ሰዎች ሊያዩት መጡ። በጋዜጣ የወጣ አንድ ዐምድ የሰውን ዓይን እንዲህ ይገልጣል፤ ውሻው ግን ከትናንቱ የተለየ ምንም ሥራ አልሠራም ነበር።

በሚያዝያ 1934 ቴሩ አንዶ የተባለው ቀራጭ የሠራው የነሐስ ሐውልት በጣቢያው ፊት ቆመ። ሃቺ በሕይወት ሳለ፣ የገዛ ሐውልቱ ሲመረቅ በቦታው ተገኝቶ ነበር። ከዚህ በኋላ 1 ዓመት እንኳ አልቈየም። መጋቢት 8 ቀን 1935 በጠዋት ከጣቢያው ባሻገር፣ እምብዛም ከማይሄድበት ጠባብ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 11 ዓመት ነበር። ሬሳውን ወደ ጣቢያው አመጡት። በዚያን ቀን የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ውሻው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የጣቢያው ሠራተኞች ዙሪያውን እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከመካከላቸውም ወይዘሮ ያኤ ይታያሉ። ከ10 ዓመት በፊት የተበተነው ቤተሰብ እንደገና የተገናኘው በዚህ ዐይነት ነበር።

ነሐሱ የት ሄደ?

ዛሬ በሺቡያ የምናየው ሐውልት ግን ያ የመጀመሪያው አይደለም። ይህም ራሱን የቻለ መራራ ታሪክ ነው።

በ1930ዎቹ ጃፓን ወደ ጦርነት የምታመራበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ መንግሥት በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሊያሳድር የፈለገውን የታማኝነት ትምህርት በዚህ ውሻ ምሳሌ ማስተማር ጀመረ። የሃቺ ታሪክ ለትንንሽ ልጆች የግብረ ገብ መጽሐፍ ገባ፤ ርእሱም ውለታን አትርሳ የሚል ነበር። አንድ ውሻ ስለ አንድ ሰው ያደረገው፣ ልጆች ለአገርና ለንጉሠ ነገሥት ሊያደርጉት የሚገባ ተብሎ ተተረጐመ። ነገር ግን ያው ጦርነት ሲከፋ ብረት አጠረ፤ በ1944 የሃቺኮ ሐውልት ከመቆሚያው ተነሥቶ ተወሰደ፤ በ1945 ቀለጠ። ቀራጩ ቴሩ አንዶም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቶኪዮ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሞተ።

በሕይወት ያሉት ውሾችም አልተረፉም። በ1944 መጨረሻ ሕዝቡ ውሾቹን እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ቆዳቸው ለሠራዊት ልብስ ይፈለግ ነበርና። ለጦር አገልግሎት የሚውለው የጀርመን እረኛ ውሻ ብቻ ከዚህ ይድን ነበር። ብዙ ቤተሰብ ውሻውን እያለቀሰ ሰጠ፤ አንዳንዱም ወደ ገጠር እየደበቀ አሸሸ። ጦርነቱ ሲያበቃ ንጹሕ የአኪታ ዘር በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ታማኝነትን ከውሻ ተማሩ ሲል የነበረ መንግሥት ውሾቹን ራሳቸውን ለቆዳ ሰበሰባቸው።

ሰላም ከሆነ በኋላ የሟቹ ቀራጭ ልጅ ታኬሺ አንዶ የአባቱን ሥራ እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ። ከተማው ገና ከአመድ ሳይነሣ፣ በነሐሴ 1948 ሁለተኛው ሐውልት በሺቡያ ቆመ። ዛሬ ፍቅረኞች የሚቀጣጠሩበት ይኸኛው ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 8 ቀን በዚህ ስፍራ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ በአንገቱም ላይ አበባ ያደርጉለታል።

በቤተ መዘክሩ ውስጥ

ከሺቡያ በከተማው ዙሪያ በሚሽከረከረው ባቡር ተሳፍረን ወደ ኡዬኖ እንሂድ። ይህ የሰፈር ስም ከፕሮፌሰሩ ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። በዚያ ባለው ሰፊ መናፈሻ ውስጥ የተፈጥሮና የሳይንስ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሃቺ በሞተ ጊዜ ቆዳው በጥበብ ተሞልቶ የተቀመጠው በዚህ ነው። የሐውልቱን ፊት የለመደ ሰው እዚህ ሲያየው ይደነግጣል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋልና። የግራ ጆሮው የተጠመዘዘው በኋለኛው ዕድሜው ነው፤ ሐውልቱ ሽማግሌውን ሃቺ ሲያሳየን፣ ቤተ መዘክሩ ግን እንደ ጕልማሳ አድርጎ አቆመው።

ከዚያው ቤተ መዘክር ጂሮ የተባለ ሌላ ጥቁር ውሻም አለ። በየካቲት 1958 የጃፓን ተመራማሪዎች ከደቡብ ዋልታ በአየሩ ክፋት ምክንያት በችኮላ ሲወጡ 15 የበረዶ ጋሪ ጐታች ውሾች በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ቀርተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ሰዎቹ ሲመለሱ ሁለቱ፣ ታሮና ጂሮ የተባሉት ወንድማማቾች በሕይወት ተገኙ። ሰው የማይመለስበት ሁኔታ ሲገጥመው ውሻ ምን እንደሚሆን ሁለቱ እንስሳት በአንድ አዳራሽ ይናገራሉ።

የሃቺ ሬሳ በሞተበት ጊዜ ተመርምሮ ነበር፤ የውስጥ አካሉም በዩኒቨርሲቲው ተጠብቆ ቈየ። በልቡ ውስጥ ክር መሰል ትሎች ተገኝተዋል። በ2011 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአዲስ መሣሪያ እንደገና ሲመረምሩት ደግሞ በልቡና በሳንባው ላይ ነቀርሳ እንደ ነበረበት አረጋገጡ። በጨጓራውም ውስጥ የዶሮ ጥብስ የሚሰካባቸው አራት የእንጨት ስንጥሮች ተገኝተው ነበር።

እነዚህ ስንጥሮች ለተጠራጣሪዎች መነጋገሪያ ሆኑ። ውሻው ወደ ጣቢያው የሚመጣው ለጌታው ሳይሆን በዚያ ማታ ማታ ለሚጠበሰው ዶሮ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ያገራችንም ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ረኀብ የማያውቅ ውሻ የለምና። ነገር ግን ነገሩን በተረቱ ሚዛን ብንመዝነው እንኳ ወደ ሌላ ያጋድላል። ሃቺ ዘወትር የሚበላው በአትክልተኛው ቤት ነበር፤ በተረቱ መሠረት ሊጮኽ የሚገባው በዚያ ነው። ወደ ጣቢያው በሚመጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ከዶሮ ጥብስ ይልቅ በትር ይበዛለት ነበር። ከዚህም በቀር ሰው ሁሉ ከሚወድደው ሰው ቤት ሲሄድ ምሳ ይበላል፤ ስለ በላም ፍቅሩ ሐሰት ነው አይባልም። ውሻ በልቡ የሚያስበውን ገልጦ የሚነግረን የለም። የምናውቀው የመጣበትን ሰዓትና የመጣበትን ዓመት ብዛት ነው።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦዳቴ

ጊዜ ያለው መንገደኛ የሃቺን የትውልድ አገር ሳያይ አይመለስ። ኦዳቴ ከቶኪዮ በስተሰሜን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በአኪታ ክፍለ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ቡችላው አንድ ቀን የፈጀበትን መንገድ የዛሬው ፈጣን ባቡር በጥቂት ሰዓት ያደርሳል። አገሩ ተራራማ ነው፤ ክረምቱ በበረዶ የከበደ፣ ደኑም ቀጥ ብሎ በሚያድገው የአኪታ ጥድ የታወቀ ነው። ሰዎቹ የጥዱን ሳንቃ በፍል ውሃ እያለሰለሱ ጎባጣ የምግብ መያዣ ይሠሩበታል። ሩዙንም ደቍሰው በእንጨት ላይ ይለብጡና በፍም ይጠብሱታል፤ ከዶሮ መረቅ ጋር ሲቀርብ ለብርድ አገር የተገባ ምግብ ነው።

የአኪታ ውሻ በዚህ ተራራ ከአዳኞች ጋር ድብ ሲያባርር የኖረ ዘር ነው። ወንዱ ከትከሻው እስከ መሬት ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጆሮው ትንሽና ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ በጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው። ኋላ ግን ውሻ ማፋለም በአካባቢው ስለ በዛ፣ የበለጠ ኀይል እንዲያገኝ ከውጭ ዘሮች ጋር አዳቀሉት፤ ንጹሑ ዘር ሊጠፋ ተቃረበ። ይህን ያዩ ሰዎች ባደረጉት ጥረት በ1931 የአኪታ ውሻ ከጃፓን ውሾች መጀመሪያ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ በመንግሥት ተመዘገበ። የዓይነ ስውራንና የመስማት የተሳናቸው ወዳጅ የነበሩት አሜሪካዊቷ ሄለን ኬለር በ1937 አኪታን ሲጐበኙ የሃቺን ታሪክ ሰምተው ነበር፤ ቡችላ ተሰጣቸው፤ እሱ በሕመም ሲሞትባቸውም በ1939 ወንድሙ ተላከላቸው።

በኦዳቴ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በ2019 የተከፈተ «የአኪታ ውሻ መንደር» የሚባል የጐብኚ ቤት አለ። የቤቱ ፊት የተሠራው በሃቺ ዘመን የነበረውን የሺቡያ ጣቢያ አስመስሎ ነው። ለብዙ ዓመት በሺቡያ አደባባይ ከሐውልቱ ጎን ቆሞ የነበረ አንድ አሮጌ አረንጓዴ የባቡር ፉርጎም በ2020 ወደዚህ ተጓጕዞ ተተከለ። በ1924 ከኦዳቴ ወደ ሺቡያ አንድ ቡችላ በባቡር ሄደ፤ ከ96 ዓመት በኋላ ከሺቡያ ወደ ኦዳቴ ራሱ ባቡሩ መጣ። የከተማው ልጆች ከትልልቆቹ ውሾች ጋር ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ ውሾቹ ደግሞ እንደ ባላባት ዝም ብለው ሲያዩአቸው ማየት ደስ ያሰኛል።

አኦያማ

ጕዞአችንን የምንፈጽመው ወደ ቶኪዮ ተመልሰን ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የእርሻ ፋኩልቲ ግቢ እንይ፤ ዛሬ በኮማባ ሳይሆን በቡንክዮ ወረዳ ይገኛል። በዚህ ግቢ ውሻው በሞተ በ80ኛው ዓመት፣ መጋቢት 8 ቀን 2015፣ አዲስ የነሐስ ሐውልት ተመርቋል። በሺቡያ ሃቺ ብቻውን ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ እዚህ ግን ጌታው ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ውሻውም በኋላ እግሮቹ ተነሥቶ ሊያቅፋቸው ይዘልላል። ሕዝቡ በሕይወት ያላየውን መገናኘት በነሐስ ሠራላቸው።

ከዚያ ወደ አኦያማ መካነ መቃብር እንሄዳለን። ስፍራው ከብሔራዊው ስታዲየም ብዙ አይርቅም፤ አበበ ቢቂላ ጥቅምት 21 ቀን 1964 በማራቶን ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ድል የተቀዳጀው በዚያ በነበረው በቀድሞው ስታዲየም ስለ ሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሰፈሩ ባዕድ አይደለም። በመቃብሩ ቅጥር የቼሪ ዛፎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ በጸደይ ሲያብቡ መንገዱ ሁሉ ነጭና ሮዝ ይሆናል።

የፕሮፌሰር ኡዬኖ መቃብር በዚህ ነው። ከአጠገቡ ትንሽ የድንጋይ መታሰቢያ አለ፤ እሱም የሃቺ ነው። ውሻው ከሞተ በኋላ ከጌታው ጎን ስፍራ አገኘ። ወይዘሮ ያኤ ግን አላገኙም። በ1961 በ76 ዓመታቸው ሲያርፉ ከፕሮፌሰሩ ጋር ለመቀበር የነበራቸው ምኞት አልተፈጸመም፤ አጽማቸው በሌላ ስፍራ ዐረፈ። በመዝገብ ያልተጻፈች ሚስት በመቃብርም ባዕድ ነበረች። ውሻ የሚጠየቀው የጋብቻ ወረቀት የለም።

ኋላ ግን በዩኒቨርሲቲው የነበሩ መምህራን ነገሩን አንሥተው ከሁለቱም ወገን ዘመዶች ጋር ተነጋገሩ። ፈቃድ ተገኘ፤ ግንቦት 19 ቀን 2016 ከወይዘሮ ያኤ አጽም ተከፍሎ በአኦያማ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተቀበረ። ፕሮፌሰሩ ከሞቱ 91 ዓመት ሆኖ ነበር።

ወደ አኦያማ የሚሄድ ጐብኚ ከሺቡያው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። በዚያ የመብራትና የማስታወቂያ ጋጋታ የለም፤ አንድ የድንጋይ ቅጥር፣ ጥቂት ዛፎች፣ አልፎ አልፎም ሰው ያኖረው አበባ ይታያል። አንባቢ ሆይ፣ ወደዚያ ለመሄድ ዕድል ብታገኝ ከውሻው መታሰቢያ ፊት ከቆምህ በኋላ ለሴቲቱም ጥቂት ቁም። ቡችላውን ከሞት ያዳኑት፣ ወደ ልቡም ስፍራ እንዲሄድ የለቀቁት እርሳቸው ናቸው።